ሮዙ እስኪያልቅ ዝም በይ

ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ይላታል። ፊት ለፊት የሚላት የለም እንጂ እሷም ታውቀዋለች። ታውቀውና ደስ ይላታል፤ ሬዲዮ ማለት በእሷ ቤት ሰው ወዶ የሚከፍተው ነገር ነው። ሰው ወዶ የሚዘጋውም ነገር መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

ጨርቅ ትሸጣለች። ሱቋ ጠባብ ናት። ጥቅል ጨርቁ በሦስት ግድግዳ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ መሃል ላይ ጠርዙ ሜትር የተቸነከረበት ጠረጴዛ ቆሟል፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የስፌት መኪና አለ። መኪናው ላይ ባሏ ተቀምጧል። ሰው ጨርቁን ከእሷ ገዝቶ፣ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ለእሱ ያሰፋል። ትዳሩም ንግዱም እንዲህ ተጋጥሞ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ባልየው ዝምተኛ ነው ቢባል ነገሩን ማሳነስ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ሲለካ ስፒሉን በከንፈሩ እንደሚይዝ የታወቀ ነው። የእሱ ስፒል ግን ልኩ ካለቀ በኋላም እዚያው ይቀራል። ደንበኛው «መቼ ይደርሳል?» ሲለው «እም» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሚስቱ ትሞላዋለች። «ቅዳሜ ይደርሳል ነው የሚልህ። እጅጌውን ግን ላጥብበው ወይ ይላል። ደግሞ ከአምናው ወፍረሃል ይልሃል፣ ሲል ግን በፍቅር ነው።» ባልየው ይህን ሁሉ ማለቱን ሲሰማ ራሱም ይገረማል። አንዳንዴም ብዬው ይሆናል እያለ ይጠራጠራል።

ያለ ስፒልም ቢሆን ያው ነው። አንድ ነገር ሊናገር ይጀምራል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ይላል፣ ሚስት ተቀብላ ታደርሰዋለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ዛሬ አስተማሪ ናት። ልጅ ሆና አንድ ነገር ተናግሮ መጨረስ የሁለት ሰው ሥራ ይመስላት ነበር። ትምህርት ቤት ገብታ መምህሩ ብቻቸውን ጀምረው ብቻቸውን ሲጨርሱ ብታይ፣ ማታ ለእናቷ «ሚስታቸው ሞታለች መሰለኝ» አለቻት።

ታዲያ አንድ ክረምት ሬዲዮን ጉንፋን ያዛትና ድምጿ ድርግም አለ። ሰፈሩ «ባትሪ ጨረሰች» ብሎ ሳቀ። ባልየው ግን ሳይወድ በግዱ ስፒሉን ከአፉ አውጥቶ ደንበኛ ማናገር ነበረበት። መጀመሪያ የመጣው ኮት የሚያሰፋ አንድ ጡረተኛ ነው። ሰፊው ጨርቁን ጡረተኛው አንገት ላይ አድርጎ «ይሄ... ይሄ...» አለ።

«ይሄ ምን?» አለ ጡረተኛው።

«ይሄ፣ አንገት ላይ የሚውለው።»

ኮሌታ ማለቱ ነው። ኮሌታ የሚለው ቃል ጠፋበት። ሰው የጎረቤቱን ስም ቢረሳ ያጋጥማል፤ ዕድሜ ልኩን ኮሌታ ሲገጥም የኖረ ልብስ ሰፊ ኮሌታን ከረሳ ግን ነገር አለ። ሬዲዮ ከጠረጴዛው ጀርባ አፏን ከፈተች። ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። የባሏ ግንባር በላብ ሲርስ ቆማ አየች። በማግሥቱ ኪስ ጠፋበት፣ ከዚያ ዚፕ። ቀጥሎ ደግሞ ቀኝ እጁ መቀስ እንደያዘ በራሱ ጊዜ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሱቁን ዘግታ፣ ክንዱን ይዛ፣ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው።

ጭንቅላቱ በመሣሪያ ተነሣና በግራ በኩል ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ «ቃል መጥፋት የጀመረው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ድምጿ ተመልሶላት ነበርና ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ የምትለው ግን አልነበራትም። ወር ይሁን ዓመት በምን ታውቃለች? አንድ ቃል በጠፋው ቁጥር እሷ ስታቀብለው ኖራለች። ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ለልጇ «እኔ ነኝ የደበቅሁበት። ጥርሱ ማለቁን ሳላውቅ እያላመጥሁ ሳጎርሰው» አለቻት። ልጇም ለማጽናናት ብዙ ሞከረች፣ ግን የእናቷን ያህል አፍ ስላልነበራት አልሆነላትም።

ቀዶ ሐኪሙ ረጅም፣ ለዘብ ያሉ ሰው ናቸው። ባልና ሚስቱን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዷቸው።

«በተራ መብራት ሲታይ ዕጢውና ጤነኛው አንጎል ብዙም አይለዩም» አሉ።

«ፊቱና ጀርባው አንድ እንደሆነ ጨርቅ» አለች።

«እንዲያ ነው። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ ጥቂት ሰዓት በፊት የሚጠጣ መድኃኒት እንሰጣቸዋለን። ዕጢው መድኃኒቱን ወደ ውስጡ ይስባል። ከዚያ የክፍሉን መብራት ቀንሰን፣ በማይክሮስኮፑ ሰማያዊ ብርሃን ስናበራበት ጤነኛው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፣ ዕጢው ሮዝ ሆኖ ያበራል።»

«ምን ዓይነት ሮዝ?»

«ሮዝ ነዋ።»

«ዶክተር፣ እኔ ሱቅ እኮ ሮዝ የሚባል አምስት ዓይነት አለ። የሕፃን ሮዝ አለ፣ የሽንኩርት ልጣጭ አለ...»

ሐኪሙ ተስፋ ቆርጠው ወደ ባልየው ዞሩ። ባልየው «እም» አለ።

«ችግሩ እዚህ ላይ ነው» አሉ ሐኪሙ። «ብርሃኑ ክፉውን ያሳየኛል፤ ንግግሩ የት እንደተቀመጠ ግን አያሳየኝም። እሱን የሚያሳየኝ የእሳቸው አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ከማደንዘዣው እንቀሰቅሳቸዋለን። አይዟችሁ፣ አንጎል ሲነካ አያምም። እኔ በትንሽ ኤሌክትሪክ ቦታ ቦታውን ስነካ እሳቸው ያወራሉ። ስነካቸው ንግግር ከተቋረጠ፣ ያ ቦታ የንግግር ነውና ሮዝ ቢሆንም ትቼው እወጣለሁ። ካልተቋረጠ ቆርጬ አወጣዋለሁ። የምተወው ሮዝ በበዛ ቁጥር ደግሞ ዕጢው ቶሎ ይመለሳል። እንግዲህ ዋናው ነገር ሳያቋርጡ ማውራት ነው።»

ሬዲዮ ባሏን አየችው፣ ባሏ የጫማውን ጫፍ አየ። ሳያቋርጥ የሚያወራ ሰው ይፈለግ ቢባል የከተማው ሕዝብ በአንድ ድምፅ የሚመርጣት ሴት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዕጢው ቤቱን አልሳተም፣ ሰዉን ነው የሳተው።

«ምነው በእኔ በሆነ» አለች። «እኔ ብሆን ሰፍታችሁ እስክትጨርሱ አላቆምም ነበር።»

«ለሱስ አልጠራጠርም» አሉ ሐኪሙ።

ለልምምዱ አንዲት ወጣት የንግግር ባለሙያ ተመደበች። ሥራዋ ሥዕል ያለበት ካርድ እያሳየች ማስጠራት ነው። የመጀመሪያውን ካርድ አነሣችና ባልየውን «ይህ ምንድን ነው?» አለችው።

«ድመት» አለች ሬዲዮ።

«እትዬ፣ እሳቸውን ነው የጠየቅሁት።»

«ይቅርታ ልጄ፣ አምልጦኝ ነው።»

ሁለተኛው ካርድ ወጣ። «ወንበር» አለች ሬዲዮ። ለሦስተኛው አፏን በሁለት እጇ አፈነች፣ ግን ጃንጥላ ነበርና በቅንድቧ ከፍታ ዘጋችው። ባለሙያዋ በትሕትና ከክፍሉ አስወጣቻት። ሚስት ስትወጣ ባል ጭራሹን ተዘጋ። ድመቱንም ወንበሩንም «እም» እያለ አሳለፈው። ከማያውቀው ሰው ጋር ማውራት አይሆንለትማ።

«እንግዲህ» አለች ባለሙያዋ በመጨረሻ፣ በሩን ከፍታ፣ «እርስዎ ከሌሉ አያወሩም፤ እርስዎ ካሉ ደግሞ አይደርሳቸውም።»

ከሐኪሙ ጋር መክረው ጨረሱት። ሬዲዮ ጋውን ለብሳ ኦፕራሲዮን ክፍል ትገባለች። ከባሏ ፊት ትቀመጣለች፣ ካርዱን የምታሳየውና የምትጠይቀው እሷ ትሆናለች። መልስ ግን አንዲት ፊደል አታቀብልም። ባለሙያዋ እጇን ይዛ «አንድ ቃል ካመለጠዎት፣ ያ ቦታ የምን እንደሆነ ሐኪሙ አያውቁም። ወይ ሮዙን ይተዉታል፣ ወይ ንግግራቸውን ይቆርጡታል» አለቻት። ሬዲዮ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

ቤት ገብተው ልምምድ ጀመሩ። ልጅየዋ ካርድ ያዥ ሆነች። እናት ራሷን ለመግታት የባሏን ስፒል በከንፈሯ ያዘች። አባት «መ... መ...» ሲል ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠችና፣ ሊል የፈለገውን አውቃ አፏ ሲከፈት ስፒሉ ከንፈሯን ወጋት። በሁለተኛው ቀን «እዚህ ከሆንኩ አልችልም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አባት ደግሞ «መ...» አለ። ከጓዳ «መሰላል ነው!» የሚል ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለች ልጅየዋ።

«ዝንብ በገባልኝ! ዝንብ ቢሆን ይወጣል። ይሄ ቃል ነው የሚያንቀኝ።»

በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ሆነ። ባልየው ካርዱን አየ፣ ጀመረ፣ ቆመ። ሬዲዮ ወንበሯን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ጣሪያው አየች። ቆየ። አሁንም ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳላየው ሆኖ፣ «መሰላል» አለ። ቀጥሎ «ማበጠሪያ» አለ። ጠፍቶ የሚቀርም ነበረ፣ አብዛኛውን ግን ከጠበቁት ያገኘዋል። ሬዲዮ ይህን አታውቅም ነበር፤ ጠብቃው አታውቅማ። ደስም አላት፣ አፈረችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትረዳው የኖረች መስሏት፣ ገና መንገድ ላይ ያለውን ሰው ስትቀማው ኖራለች ማለት ነው።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ማለዳ ባልየው መድኃኒቱን ጠጣና ፊቱን አጨማደደ። «ስኳር ይጨመርበት?» ብትል ነርሷ አይሆንም አለቻት። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው ቆዳው ብርሃን ስለማይችል ኃይለኛ መብራት እንዳያገኘው ተነገራት። ትእዛዝ ከሰጧት ደግሞ አታጓድልም። የክፍሉን መጋረጃ ዘጋች፣ መብራቱን አጠፋች፣ ወጥታም የኮሪደሩን አጠፋችው። ሁለት ነርሶችና አንድ የቁርስ ጋሪ ተጋጩ። እሷ በጨለማው ውስጥ ቆማ «የሐኪም ትእዛዝ ነው» ትላለች።

ከብዙ ሰዓት በኋላ ጠሯት። ባሏ በጎኑ ተኝቷል፣ ጭንቅላቱ እንዳይንቀሳቀስ ተይዟል፣ ከግንባሩ ወዲያ ያለው ሁሉ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጋርዷል። ሐኪሙ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው፣ ባለሙያዋ ከጎኗ ቆማለች። እሷ የሚታያት የባሏ ፊት ብቻ ነው። ዓይኑን ገለጠ፣ አያት።

«አለሁ» አለችው። «ይህ ምንድን ነው?»

ባልየው ካርዱን አየ። «ድመት» አለ። ሬዲዮ ድመቷን ራሷ የወለደቻት ያህል ኮራች።

ሥራው ቀጠለ። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ያዘግማል፣ ያገኛል። ሐኪሙ ይነካሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ያወጣሉ። በየመሃሉ «መብራት» ይላሉ፣ ክፍሉ ይጨልማል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ሰማያዊ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ መሃሉ በሙሉ ሮዝ ነበር። እየቆየ እያነሰ መጣ።

«እትዬ» አሉ ሐኪሙ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ታዲያ የትኛው ሮዝ ሆነ?»

ሬዲዮ ስክሪኑን በደንብ አየችው። «እንዲህ ያለ መጥቶልኝ አያውቅም። ቢመጣም ሱቄ አይገባም» አለች።

በመጨረሻ የኮት ቁልፍ የምታህል ሮዝ ቀረች። ሐኪሙ ድምፃቸው ተለወጠ። «ይቺ ንግግሩ ጥግ ላይ ናት። ካርዱ ይቅር። ረዘም ያለ ነገር ያውሩልኝ። ካላቆሙ አወጣታለሁ፣ ካቆሙ እተዋታለሁ።»

ባለሙያዋ ሬዲዮን «የሚያውቁትን ታሪክ ይጠይቋቸው» አለቻት። ሬዲዮ አላመነታችም። «እንዴት እንደተገናኘን ንገራቸው» አለች። ይህን ታሪክ ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። ሰፊው ገበር ሊገዛ ይመጣል፣ በአባቷ ሱቅ ቆማ ያያታል፣ መቀሱ ከእጁ ይወድቃል። ሁልጊዜ የምታወራው እሷ ናት፣ እሱ «እም» እያለ ያጸድቃል።

«ያኔ ሱቁ የአባቷ ነበር» አለ ባልየው። «እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ... ሰው ገበር ሊገዛ መጣ ይላል። ገበር አልነበረም የፈለግሁት። የገባሁት...»

ቆመ።

ሐኪሙም ቆሙ። «ነክቻቸው ነበር» አሉ። «አሁን አንሥቻለሁ። ያወራሉ?»

ባለሙያዋ ወደ ባልየው ፊት ጎንበስ አለች። «አያወሩም።»

ሬዲዮ ቃሉን ይዛዋለች። «አይቻት ነው።» ይኸው ነው፣ ሁለት ቃል ብቻ፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ባሏ ዓይኗን ዓይኗን ያያታል። ይህ ዝምታ ከየትኛው ነው? ሊናገር እያሰበ ነው ወይስ ጠፍቶበታል? ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ዝምታው ምንም የምታውቀው የለም፣ አንዱንም እስከ መጨረሻው አድምጣው አታውቅም። ከንፈሯን ነከሰች። ማስኩ ሥር እንባዋ ወረደ።

«እንግዲህ ይቺ የንግግሩ ናት ማለት ነው» አሉ ሐኪሙ ቀስ ብለው። «እንተዋታለን። መዝጋት...»

«ምነው?» አለ ባልየው።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት። «ይህን እኮ ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትጨርሺው።»

«ተከልክያለሁ» አለች ሬዲዮ። «ራስህ ጨርሰው።»

«ይቅርታ፣ ያቆሙት ቃሉ ጠፍቶብዎት አይደለም?» አሉ ሐኪሙ።

«ኧረ አልጠፋኝም። ተራዋን ስጠብቅላት ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሐኪሙ ሳይሆኑ አይቀሩም። «አሁን መልሼ እነካለሁ» አሉ። «ተራው በሙሉ የእርስዎ ነው። አያቁሙ።»

ባልየውም ተናገረ። በዕድሜው እንዲህ ረጅም አውርቶ አያውቅም።

«ሰው የሚያውቀው አይቻት መቀስ እንደወደቀብኝ ነው። አላየኋትም። መቀስም አልያዝኩም። ከመንገድ ነው የሰማኋት። ያኔ ብቻዬን ነበር የምኖረው። ቤቴ ውስጥ ከስፌት መኪናው በቀር ድምፅ ያለው ነገር አልነበረም፤ እሱን ሳቆመው ያስፈራኝ ነበር። በዚያ በር ሳልፍ አንዲት ሴት ስለ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ታወራለች። እስክትጨርስ ብዬ ቆምኩ። አልጨረሰችም። እኔ ዝም ብል እንኳ ይህቺ ያለችበት ቤት ዝም አይልም ብዬ አሰብኩ። ገባሁና ሁለት ሜትር ገበር አልኳት። ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ተመልሼ አጠረኝ አልኩ። ውሸቴን ነው። ድምጿን ፈልጌ ነው። እስከ ዛሬ ይህን ነግሬያት አላውቅም፣ ልነግራት ስጀምር እሷ መቀሱን ትጥለዋለች።»

«መብራት» አሉ ሐኪሙ።

ክፍሉ ጨለመ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበር።

«አለቀ» አሉ ሐኪሙ። «ሮዝ የለም።»

ሬዲዮ በጋውኑ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች። «አሁን መናገር እችላለሁ?»

«አሁን ይችላሉ።»

ወደ ባሏ ጎንበስ አለች። «ውሸት አልነበረም» አለችው።

«ምኑ?»

«አጠረኝ ያልከው። እንድትመለስ ብዬ አሳጥሬ ነው የቆረጥኩልህ።»

ባልየው አሰበ። ሬዲዮ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ሳልለካው ነው የተመለስኩት።»